ጋሽ ጥላ ያጠቆሩት ፎቶ

በየሰፈሩ ፎቶ ቤት አለ፤ በየፎቶ ቤቱም ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ፈጣሪ የሠራውን ፊት ካላረምኩ የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው ክቡር ጋሽ ጥላ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ እሳቸው የነኩት ፎቶ ሁሉ ጥላው ይከብዳል።

ክቡርነታቸው ከኮንትራስት፣ ጥቁሩን አጥቁሮ ነጩን ከማንጣት፣ ሌላ የሚያምኑት ነገር የለም። «ጨለማ የሌለው ፎቶ ጨው እንደሌለው ምግብ ነው» ይላሉ። አንዷ ሙሽራ ጉንጯ ላይ የጫኑባትን ጥላ አይታ ስታለቅስ «እንባሽን አትጥረጊው፣ ብርሃን ይዟል» አሏት። እኔም ለመታወቂያ ብነሳ ተፈላጊ ወንበዴ መስዬ ወጣሁ። ዳግመኛ ፊቴን ላላስነካቸው ማልኩ።

ሲሠሩ ማየት ግን ደስ ይላል። መጋረጃውን ይዘጉና የፎቶውን ቅጂ ጥቁርና ነጭ አድርገው በዋናው ላይ ይደርቡታል። ከዚያ እስከ በሩ ወደ ኋላ ሄደው፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ያዩታል። ክፍሉ ውስጥ የስክሪኑ ብርሃን ብቻ ይቀራል፤ የደበዘዘው ፊት ከጭጋግ እንደሚወጣ ሰው ቀስ እያለ ይመጣል። እዚያ ቁጭ ብሎ ሰዓቱን የሚያስታውስ የለም።

ዘንድሮ የእናቴ ዓይን ደከመ። ሐኪሙም ከዚህ በላይ አይሻሻልም አለን። ግድግዳው ላይ ያለው የአባቴ ፎቶ፣ ያውም ፀሐይ ያነጣው፣ አልታይ አላት። የቀረን የእሱ ፎቶ ያ ብቻ ነው። መስታወቱን በጣቷ እየዳሰሰች «ፊቱ እየጠፋብኝ ነው ልጄ» አለችኝ። ምን ላድርግ፣ ፎቶውን ይዤ ጋሽ ጥላ ዘንድ ሄድኩ።

«አደራ ጋሼ፣ ይሄን እንኳ እንዳያጠቁሩት። ለእናቴ ነው፤ ዓይኗ ደክሟል።»

«ዓይናቸው ደክሟል?» አሉ። ከዚያ መጋረጃውን ዘጉት።

በማግስቱ የሰጡኝን ሳይ ደሜ ፈላ። ከኋላው የነበረው ግድግዳ ጠፍቶ ወረቀቱ ነጭ ሆኗል፤ የአባቴም የፊቱ መስመር ሁሉ ጥቁር በጥቁር።

«ይሄ እኮ አባቴ አይደለም፣ ከሰል ነው!»

«ላንተ አልሠራሁትም። ውሰድላቸው።»

እየተነጫነጭኩ ወስጄ ሰጠኋት። እናቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«መጣህ?» አለችው፤ ወዲያው ወደ እኔ ዞረችና «ይቺን የቅንድቡን ጠባሳ እኮ ረስቻት ነበር» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ጥላ ፎቶ ቤት ሄጄ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«አንተ ደግሞ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ያጥቁሩኝ» አልኳቸው። «እናቴ እንድታየኝ።»