ስህተቱን ያጠፋው ባለሙያ

ስህተትን ከማረም ይልቅ ስህተት የሚለውን ጽሑፍ የሚያጠፋ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ደብረ ታቦር ላይ ከእንዲህ ያለው ጋር አንድ ቢሮ ሠርቻለሁ። ሙሉሰው ይባላል፤ ገበሬው ለማዳበሪያ የሚመዘገብበትን ድረ ገጽ የሠራው እሱ ነበር።

ሰኔ ላይ ስም በገባ ቁጥር ገጹ በቀይ "ስህተት" እያለ ይቆም ጀመር። ሙሉሰው ሰርቨሩን ከፈተ፤ የተበላሸውን ኮድ ግን አልነካም። ቀዩ ጽሑፍ እንዳይታይ ብቻ አደረገ። የገበሬው ስም አሁንም አይመዘገብም፤ ገጹ ግን ነጭ ሆነ። አለቃችን አይቶ "ጎበዝ፣ ጸዳ!" አለው። እንግዲህ ምን ይባላል?

አያ ደምሌ የሚባሉ የጋፋት ገበሬ ዝናብ እየወረደባቸው መጡ።

"ልጄ፣ ስሜ ገባልኝ?"

"አባቴ፣ አሁን ምንም ስህተት የለም" አላቸው ሙሉሰው።

"ስሜስ?"

"ስምዎም የለም።"

ነጩን ገጽ ትንሽ አዩት፤ ጋቢያቸውን ጨምቀው ወጡ። ማዳበሪያው ገጹ ሳይበላሽ ለተመዘገቡት ታደለ። አያ ደምሌ ያለ ማዳበሪያ ዘሩ።

ጥቅምት ላይ በማሳቸው በኩል ሳልፍ ስንዴው ከጉልበት በታች ቀርቶ ቢጫ ሆኗል። ሰላም ልላቸው ቆምኩ።

"ግድ የለም፣ ለበሬዎቹ ይሆናል" አሉኝ።