አንገቱ ሰፊ፣ ጎኑ የተበሳ ጊታር

ደክሞኛል። ኋላ ምን ሆኖ ነው ፊቱ የጠቆረው እንዳትሉኝ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እርሻ አርሼ አይደለም፣ ድንጋይ ተሸክሜም አይደለም። ጊታር ልግዛ ብዬ ነው። አዎ፣ ጊታር! በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ እዚሁ እንጅባራ፣ በመምህር ደመወዝ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ባለቤቴ የሺም ስቃ ጨርሳለች።

ነገሩ የመጣው በልጄ በትርንጎ ነው። ባሕር ዳር ነው የምትሠራው። የሠርጓ ቀን ሲቆረጥ ደወለችና፣ አባባ፣ ከአንተ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው አለችኝ። በሬ ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ልቤ ድው አለ። ኧረ በሬ አይደለም። ልጅ ሆና፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበውና አልተኛም ስትል፣ በጊታር የምጫወትላት አንዲት ዜማ ነበረች። እሷን በሠርጌ ቀን በሰው ሁሉ ፊት ትጫወትልኛለህ አለች። ሌላ ምንም እንዳታደርግ፣ እሷን ብቻ። አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ። እሺ ልጄ አልኳት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ጊታሩ የታለና! የድሮው ጊታሬ ላይ የየሺ የክርስትና እናት ከተቀመጡበት ስንት ዓመቱ። አልጋ ላይ ጋቢ ለብሶ ተኝቶ ነበር፤ ትራስ መስሏቸው ነው። ሴትዮዋ ደህና ናቸው። ጊታሩ ግን ሲሰበር ያወጣው ድምፅ፣ በሕይወት ዘመኑ እኔ ካስወጣሁት ሁሉ ይበልጥ ነበር።

አሁን የምፈልገውን ስሙኝ፣ ብዙ አይደለም። የግራ እጄን ጣቶች ሪህ ይዟቸዋል። የቆሰበርን፣ የዚህችን የእንጅባራን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ጠዋት ጠመኔ የምይዘው እንኳ ጣቶቼን ለምኜ ነው። እንግዲህ በእነዚህ ጣቶች የብረት ክር ተጫን ብትሉኝ አልችልም፣ ይቆርጠኛል። ናይለኑ ግን ለስላሳ ነው። ለስላሳ ነው እንጂ ድምፁ ደግሞ ትንሽ ነው። የእኛን ሠርግ ታውቁታላችሁ። ዳሱ ሙሉ ሰው እኩል እያወራ በናይለን ክር ብትጫወቱ፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው ሆዳችሁን የምታኩ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ሽቦ ተሰክቶበት በሞንታርቦ መጮህ አለበት። በዚያ ላይ ርካሽ መሆን አለበት። ናይለን፣ የሚሰካ፣ ርካሽ። ሁለቱ ሲገኝ ሦስተኛው ይጠፋል።

ምክርማ ሞልቷል። በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ! የፊዚክስ መምህራችን ተራ የናይለን ጊታር ግዛና ማግኔት ያለው ድምፅ መሳቢያ ለጥፍበት አለኝ። ለጥፍበት ብቻ ብሎ ቢተወኝ ምን ነበረበት። ሰሌዳ ላይ ሥዕሉን ሥሎ፣ ቀስት በቀስት አድርጎ፣ የምሳ ሰዓታችንን በላው። መጨረሻ ላይ፣ ለካ ናይለን ብረት አይደለም፣ ማግኔቱ አይሰማውም አለና ሰሌዳውን አጠፋው። የታሪክ መምህራችን ደግሞ ምን አስጨነቀህ፣ ማይክራፎን ከፊትህ አስይዝ አለኝ። እናንተዬ፣ በእኛ አገር ሠርግ ላይ መድረክ መሪ ማይክራፎን ሲለቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በቴሌግራምም ሞክሬያለሁ። አንዱ ከአዲስ አበባ የሚያምር ፎቶ ላከልኝ። ክሩ ናይለን ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ኦሪጅናል ነው አለኝ። ሽቦ ይሰካበታል ወይ? ኦሪጅናል ነው። አንገቱ ቀጥ ያለ ነው ወይ? ኦሪጅናል ነው። ላም አለኝ በሰማይ ብዬ ተውኩት።

በመጨረሻ ጊታሩን ያገናኘኝ ዝናብ ነው። ዳንግላ ለስብሰባ ሄጄ ከከድር ሱቅ ተጠለልኩ። ከድር ባትሪ፣ ሬዲዮና የሶላር መብራት የሚሸጥ፣ ረጋ ያለ፣ ሲናገርም ሲሸጥም እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው። ቀና ስል ከጃንጥላዎቹ ጎን ጊታር ተሰቅሏል! የእሱ አይደለም፤ ጫግኒ ያለ አንድ ወዳጁ ሽጥልኝ ብሎ ያስቀመጠበት ነው። አስወርጄ አየሁት። ክሩ ናይለን። አንገቱ ሰፊ፣ እንደ እኔ ያለ የደነደነ ጣት ሌላውን ክር ሳይነካ የሚያልፍበት። ጎኑ ላይ የድምፅ ማስተካከያ ቁልፎች፣ ከታች የሽቦው መሰኪያ ቀዳዳ። ከድር ሽቦ ፈልጎ ሊሸጠው ካስቀመጠው ስፒከር ጋር አገናኘልኝ። አንዴ ነካ ባደርገው ሱቁ ሁሉ ሞቀ። ለልጄ ሠርግ እንደሆነም ነገርኩት። ዋጋውን ሲነግረኝ ተነፈስኩ፤ የምችለው ነበር።

ታዲያ ለምን አልገዛህም? ትሉኛላችሁ። እኛ ዘንድ የተጠየቀውን ከፍሎ ውልቅ የሚል ሰው የለም። ብቻውን የሚገዛም የለም። የሺን ባማክራት፣ ለፋሲካ ብቻህን የገዛኸው በግ እስኪታረድ ድረስ ሲያስል ሰንብቷል፣ ያለ አያ ፈንቴ አንድ እርምጃ እንዳትሄድ አለችኝ። እውነቷን ነው፣ በጉ ያስል ነበር።

አያ ፈንቴ የየሺ አጎት ናቸው። ከወደ ጥርባ ናቸው፤ በዚያ አካባቢ ፈረስ የሚገዛ ሰው ያለ እሳቸው ገበያ አይወጣም። ጥርሱን ገልጠው፣ ኮቴውን አንስተው፣ ባለቤቱ በፈረሱ እስኪያፍር ድረስ ነው የሚያጣጥሉት። የማይነቀፍ ፈረስ የለም ይላሉ። ጊታር ግን በሕይወታቸው ነክተው አያውቁም። ይኼን ስነግራቸው፣ ያው አንገትና ሆድ አይደለም ወይ? አሉኝ። ሚኒባስ ውስጥ እስከ ዳንግላ ድረስ ሲያስጠነቅቁኝ ሄዱ። እንዳትስቅ። ዓይንህን ከዕቃው ላይ አንሳ። እኔ ስናገር አንተ እያዘንክ ራስህን ነቅንቅ።

ነቀነቅኩ።

ከድር ሱቅ እንደገባን አያ ፈንቴ ጊታሩን በሁለት ጣት አንጠልጥለው ሆዱን አንኳኩ። ባዶ ነው አሉ። አንገቱን አዩ። ይኼ አንገት አይደለም፣ ሳንቃ ነው። ክሩን ሳብ ለቀቅ አደረጉ። ፕላስቲክ! ሽቦ የነበረውን ማን አወለቀው? ከዚያ የመሰኪያውን ቀዳዳ አገኙት። አመልካች ጣታቸውን አስገብተው ከድርን በሐዘን አዩት። ጎኑን ተበስቷል፣ ቁስለኛ ነው አሉ። የምፈልገው ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ነውር ሆነ። ከድር ተደናግጦ ወደ እኔ ዞረ። መምህር፣ እኔ የዚህን ነገር ዕውቀት የለኝም፤ እርስዎ ያውቃሉ፣ እውነት ነው? አለኝ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አየኝ። አያ ፈንቴ እግሬን ረገጡኝ። እውነት ነው አልኩ።

ከድር ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጊታሩን በካርቶን ከትቶ ከባንኮኒው ሥር አስገባው። አላህ ይስጣችሁ፣ ነውሩን ሳላውቅ ሰው ላይ ልጥለው ነበር አለ። አያ ፈንቴ ደነገጡ። ኧረ ግድ የለም፣ ከነነውሩ እንወስደዋለን አሉት። አይሆንም! የሙሽራ ቀን በእኔ እጅ አይበላሽም አለ። ያን ጊዜ አያ ፈንቴ ዘመዶቻቸው ቢሰሙ የማያምኑትን ነገር አደረጉ። በራሳቸው አፍ ዋጋ ጨመሩ። ከድር ጭራሽ ተጠራጠረ። ቁስለኛ ነው ካሉ በኋላ ዋጋ የሚጨምሩት ለምንድን ነው? አላቸው።

ያኔውኑ ዋሽተን ነው አትለውም ነበር? ትሉኝ ይሆናል። እንዴት ልበል? ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ አንዱ መምህር፣ ገበያተኛ ቆሞ እየሰማ! ደንገዝገዝ ሲል ተመለስን። መንገዱን ግማሽ ያህል ስንሄድ አያ ፈንቴ በአዊኛ የሆነ ነገር አጉተመተሙ፤ ቀጥለው በአማርኛ፣ ሰውዬው ነጋዴ አይደለም አሉ። ከዚህ የባሰ ስድብ የላቸውም።

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። ሠርጉ እየገሰገሰ ነው። ትርንጎ በደወለች ቁጥር፣ አባባ እየተለማመድክ ነው? ትለኛለች። በደንብ እላታለሁ። በምኔ ነው የምለማመደው? ልጅን መዋሸት ከብዶኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው ሳምንት አደረ። ቅዳሜ ለየሺም ሳልነግራት ብቻዬን ዳንግላ ወረድኩ።

ከድር ሆይ፣ በደልኩህ አልኩት። አንገቱ የሰፋው ለጣት ነው፣ ክሩ ከመጀመሪያውም ናይለን ነው፣ ቀዳዳው የሽቦው መሰኪያ ነው፣ አንተው ራስህ ሰክተህልኝ የለም ወይ? ከድር አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አዝኖ አየኝና፣ እኔ እኮ ለባለቤቱ ደውዬ ነውረኛ ነው ብዬዋለሁ፣ ማገዶ አድርገው ብሎኛል አለ። አሁን እርስዎው ይንገሩት፤ ሰውዬው ዕቃው ምን እንደሆነ ሳያውቅ አልሸጥበትም። ስልኩን አቀበለኝ።

ጸጸት ክፉ ነው። ባጭሩ ደህና ነው ብል ያልቅ ነበር። እኔ ግን የጫግኒውን ሰውዬ፣ የእህል ነጋዴ ነው፣ ቁጭ አድርጌ አስተማርኩት። ስለ እንጨቱ ነገርኩት። ናይለን ለምን ለጣት እንደሚስማማ ነገርኩት። ማግኔት ናይለንን እንደማይሰማና በዚህኛው ጊታር ግን ክሮቹ ባረፉበት ድልድይ ሥር ንዝረቱን የሚይዝ ሌላ ነገር እንዳለ አብራራሁለት። ሦስት ጊዜ ኔትወርክ ተቋረጠ፣ ሦስት ጊዜ መልሼ ደወልኩ። በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ ጊታር ባሕር ዳርም አይገኝም ብዬ ደመደምኩ። ሰውዬው፣ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ አለ። ሁለት ዓመት ታግዬ ያቃተኝ ጊታሩ መጥፎ ሆኖ መስሎኝ ነበር። ለካ እንዲህ ያለ ዕቃ ኖሯል! ከድር፣ አትሽጠው፣ ላክልኝ።

ይኼ አልበቃ ብሎ፣ የጫግኒ መኪና የሚነሳው ከእኛው ከተማ አይደል? ከድር በትሕትና፣ እርስዎ ወደዚያው ነዎት፣ ካላስቸገርኩ አለኝ። እንቢ የምልበት ምን ፊት አለኝ? ጊታሩን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እንደ ሕፃን አቅፌ፣ እስከ እንጅባራ ወሰድኩት። መናኸሪያ ደርሼ ለጫግኒው ሾፌር በእጄ አስረከብኩ። አደራ፣ ሰው እንዳይቀመጥበት አልኩት። አልቅስ አልቅስ ብሎኝ ነበር።

እንግዲህ ለትርንጎ መንገር ቀረኝ። ደወልኩላት። ልጄ ይቅር በይኝ፣ ጊታሩ አልተገኘም፣ ናይለን የለ ምን የለ፣ አባትሽ ዋሽቶሻል አልኳት። ምንም አይደለም አባባ አለች፣ ድምጿ ግን ቅር ብሏታል። እንዲያውም አትዘኚ አልኳት። ባዶ እጄን አልቆምም፣ በጊታሩ ፋንታ ንግግር አደርጋለሁ። ስለ ትዳር ብዙ ያሰብኩት አለኝ፣ ከአያት ቅድመ አያቶቻችን ጀምሬ እስከ ዛሬው ወጣት ድረስ። ስልኩ ጭጭ አለ። ኔትወርክ የሄደ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ። አለሁ አባባ አለች። ስንት ደቂቃ ነው? ልጄ፣ ትዳር በደቂቃ ይለካል ወይ? አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በራችን ተንኳኳ። እጮኛዋ ነው፣ ዓይኑ በድካም ቀልቷል። በጀርባው ጊታር አዝሏል። ናይለን! አንገቱ ሰፊ! ጎኑ የተበሳ! ከሥራ ፈቃድ አውጥቶ፣ ባሕር ዳርን ሱቅ በሱቅ አስሶ፣ የሚዜዎቹን ኪስ አራቁቶ ነው የገዛው። ምነው ልጄ፣ እንዲህ ምን አስቸኮለህ? ስለው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ መሬት መሬት እያየ፣ ትርንጎ ጊታር ካልተገኘ ሠርጉ ይተላለፍ ብላ ነው አለኝ። የሺ እየሳቀች ወደ ጓዳ ገባች።

አልዋሽም፣ ትንሽ አሞኛል። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ አፍ እንዲህ ይፈራል? ቢሆንም በየቀኑ እየተለማመድኩ ነው። ጣቶቼ እሺ ብለዋል፣ ዜማዋም ተመልሳልኛለች፤ ልጄ ስትሰማት የምታለቅስ ይመስለኛል። ንግግሩን ግን ጽፌ ጨርሼ በኮቴ ኪስ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ምን ይታወቃል፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል።