ወርዋሪው በሩዝ ማማ ላይ

ሞቶ ከተነሣ ሰው አልዓዛር አንድ ይበቃናል። «ትቼው ነበር፤ አሁን ተመልሼበታለሁ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ጫማውን ሰቅሎ የተመለሰ እግር ኳስ ተጫዋች አይታችኋል? ሆዱ ቀድሞት ሜዳ ይገባል። ከወንበሩ ተነሥቶ የተመለሰ ሹም፣ የፈታትን ሚስቱን እንደገና ያገባ ባል… ሁሉም «አሁንስ ልብ ገዝቻለሁ» ይሏችኋል። የገዙት ልብ ግን ያው የድሮው ነው፤ ቀለም ተቀብቶ።

ይህን የምለው ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። ከማማ ሥር ተነሥቼ ነው።

ወረታ ከተማ አስተማሪ ነኝ። የአስተማሪ ደመወዝ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ የወሩን አጋማሽ በዝና እንጂ በአካል አያውቀውም። የልጆቼ የዓመት ቀለብ የሚገኘው በርብ ወንዝ በኩል ከሚስቴ አጎት ከአያ ስንሻው ጋር በእኩል ከያዝሁት የሩዝ ማሳ ነው። እሳቸው ያርሳሉ፣ ይዘራሉ፣ ያርማሉ። እኔ ሩዙ እሸት ሲይዝ እሑድ እሑድ ማማ ላይ ወጥቼ ወፍ እጠብቃለሁ። ውላችን ይኸው ነው።

የፎገራን ግሪሳ ለማታውቁ ላስተዋውቃችሁ። ድንቢጥ የምታክል ወፍ ናት፤ ብቻዋን ብታዩዋት ታሳዝናለች። ችግሩ ብቻዋን ሆና አለማወቋ ነው። ስትመጣ ከነቀበሌዋ ትመጣለች። አንድ ማሳ ላይ አርፋ የተነሣች እንደሆነ ገለባው ብቻ ቆሞ ያስተዛዝናችኋል።

እኔ ደግሞ ወንጭፍ ላይ ያለኝን ችሎታ አልደብቃችሁም። ከእጄ የወጣ ድንጋይ ወደ ፊት ሄዶ አያውቅም። ባለፈው እሑድ ባለ በሌለ ኃይሌ አዙሬ ለቀቅሁት… ከኋላዬ ቆማ ታመሰኳ የነበረችውን የአያ ስንሻውን ላም ጎድን አገኘው። ወፎቹ ቀና እንኳ አላሉም።

«ስማ» አሉኝ አያ ስንሻው የላሟን ጎድን እያሻሹ፣ «በሚመጣው እሑድ ባንተ ተራ ወፍ ከበላው፣ ድርሻህን ሄደህ ወፎቹን ጠይቅ። ለከርሞም የእኩል ሰው አላጣም።»

እንግዲህ ይህን ጭንቄን ተሸክሜ ነው ሻይ ቤት የተቀመጥሁት። ከአጠገቤ ሚስተር ሶንግ ነበር። ሶንግ በመንገድ ሥራው ካምፕ የማሽኖች ኃላፊ የሆነ ኮሪያዊ ነው። አማርኛን የተማረው ከቀን ሠራተኞች ስለሆነ ቄሱንም «አንተ»፣ ባለሻይዋንም «አንተ» ይላል። አንድ ዐረፍተ ነገር ግን ሳይሰበር ይወጣለታል። ልጅ አዋቂው «ቻይና» ብሎ ሲጠራው የአንገቱ ሥር ይገተርና «ቻይና አይደለሁም!» ይላል። ድምፁ አንበሳሜ ገበያ ድረስ ይሰማል፤ በገበያ ቀን እንኳ።

በወጣትነቱ በአገሩ ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ ወርዋሪ እንደነበረ የነገረኝ ያን ዕለት ነው። ጨዋታው፣ እንደ ገባኝ፣ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ሊመታት ይሞክራል፣ የቀሩት ቆመው ያያሉ። እንደ መሥሪያ ቤት። ሶንግ ትከሻውን ታሞ ተወው።

«እኔ ወረወርሁ» አለኝ፣ «ዱላ ያለው ሰው አላየም። ኳስ ሄደ፤ እሱ አሁንም ፈለገ።»

እግዜር የላከልኝ ክንድ ከአጠገቤ ሻይ ሲጠጣ ኖሯል ለካ!

«ሶንግ፣ እንደገና ብትወረውርስ?»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። ትከሻውን ዳሰሰ። «ብዙ ዓመት መወርወር የለም» አለ። ቀጥሎም፣ «ስንት ሰው ያያል?»

እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። ስንት ወፍ አለ ብሎ እኮ አልጠየቀም።

ሳምንቱን የካምፑን አጥር ሲወግር ሰነበተ። ከርብ ወንዝ እንቁላል የሚያካክሉ ጠጠሮች ለቅሞ ባልዲ ሞላ። እነዚያ ከወንበር ተነሥተው የማያውቁ የሻይ ቤት ጠበብት ደግሞ «ይህ ክንድ ግሪሳን ይፋግን አሻግሮ ይሰዳታል» እያሉ አራገቡት። እሑድ ጠዋት በባጃጅ ተጭነው ማሳው ዳር ተኮለኮሉ። ወፎቹ ገና አልመጡም ነበር።

«ቻይናው ደግሞ እዚህ ምን ያደርጋል?» አሉ አያ ስንሻው።

«ቻይና አይደለሁም!»

«እሺ ልጄ፣ አትቆጣ። ውጣ፣ ውጣ።»

ማማው ላይ ወጣ። ወፎቹም መጡ፤ ማሳው ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጠፉ። ሶንግ ወደ ግራ አየ። ወደ ቀኝ አየ። ምራቁን ተፋ። ከዚያ ማንም ምንም ሳይለው ራሱን ነቀነቀ። በኋላ እንደ ነገረኝ፣ በጨዋታው ከፊቱ ቁጢጥ ብሎ ኳሷን የሚቀበል ሰው በጣቱ ምልክት ይሰጠዋል፤ ምልክቱ ካልጣመው ራሱን ይነቀንቃል። ወፎቹ ምን ምልክት እንደሰጡት እንጃ፤ አልጣመውም። እሱ ሲያማርጥ እነሱ ሲበሉ… በመጨረሻ ጉልበቱን እስከ አገጩ አነሣና እንደ ሽመላ በአንድ እግሩ ቆሞ ወረወረ።

እውነቱን ልናገር፤ መታ። አንዲት ወፍ መታ። የቀሩት የእሷንም ድርሻ በሉላት።

የሻይ ቤቱ ጠበብት አጨበጨቡ። ሶንግ ከማማው ወርዶ፣ ሩዙን እየደፈጠጠ ሄዶ፣ ወፊቱን በእግሯ አንጠልጥሎ አሳየን።

«እሷ የምትበላው አንዲት ዘለላ ነበር» አሉ አያ ስንሻው፤ «ይህ የረገጠው ለበሬ ይበቃል።» ቀጥለውም ወደ እኔ ዞሩ፦ «እኔ አስነሣልኝ አልሁህ እንጂ ግደልልኝ አልሁህ?»

የድርሻዬ ነገር አበቃለት ብዬ ዐይኔን ጨፈንሁ። ሶንግ ግን ጭብጨባውን ቀምሷል። ተመልሶ ወጣ። በዚህኛው የወጣትነቱን ኃይል ሁሉ ልጨምርበት ብሎ ክንዱን ወደ ኋላ ሲስብ… ትከሻው እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። ቀጥሎ ራሱ ጮኸ። እንዴት ያለ ጩኸት መሰላችሁ! ግሪሳዋ በአንድ ጊዜ ብድግ አለች፤ ፀሐይዋ ጠፋች፤ ወደ ጣና ነጎደች።

እኛ ሶንግን አውርደን ትከሻውን በነጠላ ስናስር ወፎቹ ዞረው ተመለሱ። አያ ስንሻው ወፎቹን አዩ። ሶንግን አዩ። ከዚያ በለሆሳስ፣ ጸሎት በሚመስል ድምፅ፣ «ቻይናው…» አሉ።

«ቻይና አይደለሁም!»

ግሪሳዋ ብድግ።

እስኪመሽ እንዲህ ዋልን። ሻይ ቤቱ ማታ ግምገማ ተቀመጠና፣ ወርዋሪው በድል መመለሱን ያለ ተቃውሞ አጸደቀ። የወረወረው አንድ ጠጠር፣ የሞተችውም አንዲት ወፍ መሆኗን ያነሣ የለም።

በሚቀጥለው እሑድ ሶንግ ክንዱን እንዳሰረ፣ ማንም ሳይጠራው መጣ። «ምን ልትሠራ?» አልሁት።

«እዚያ አገሬ፣ እኔ ስወረውር ሰው ተነሣ» አለኝ። «እዚህ ወፍ ተነሣ። ጥሩ ነው።»

አያ ስንሻው ድርሻዬን አልከለከሉኝም። ሥራዬ ግን ተለውጧል። ወንጭፉን ነጥቀውኝ ከማማው ሥር ቁጢጥ ብዬ እንድቀመጥ አዘዋል። የተመለሰ ሰው ሲገጥማችሁ ራቁ ያልኋችሁ ለዚህ ነው፤ እሱ ወደ ጨዋታው ሲመለስ እናንተን ኳስ ተቀባይ ያደርጋችኋል። ወፎቹ ሲያርፉ ቀና ብዬ አየዋለሁ። ራሱን ይነቀንቃል፦ ገና አልበዙም። እጠብቃለሁ። በመጨረሻ ዐይኑን ጠቀስ ያደርግልኛል። እኔም፣ ግማሹ ወረታ ፊደል የቆጠረብኝ መምህር፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ሥራዬን እሠራለሁ፦

«ቻይናው…»