የሙሽራ መኪና ያጠብኩ ዕለት

ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ ጎማ ቤት ገብቼ ባለሙያውን ሥራውን ላስተምረው ሞከርኩ። አዎ፣ እኔ! ስሙኝማ።

የእህቴ ልጅ ለዓይኔ ሕክምና ባሕር ዳር ወስዶኝ ነበር። ጠዋት ከሞጣ ስንወጣ ጀምሮ መሪው ሲንቀጠቀጥ ስለነበር፣ ከመመለሳችን በፊት ጎማውን ባላንስ ላስደርግ አለና ጎማ ቤት ቆምን። ለእኔ የፕላስቲክ ወንበር ተሰጠኝ። ተቀመጥኩ።

ባለሙያው አርባ ዓመት ያለፈው፣ የረጋ ሰው ነው። ጎማውን ማሽን ላይ አዞረ፣ ቁጥር አየ። ከዚያ አንዲት ግራጫ የብረት ቁራጭ አነሣና ንጹሑ ቸርኬ ጠርዝ ላይ በመዶሻ መታት።

ዝም ብል ምን ነበረበት? አላስቻለኝም።

«ልጄ፣ ይህን የመሰለ ቸርኬ ለምን ታበላሸዋለህ? ይህ ነገር እኮ ተነቅሎ ነው የሚጣለው» አልኩት።

ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ዞረው ሳቁ። የእህቴ ልጅ ስልኩን ማየት ጀመረ።

ባለሙያው አልሳቀም። ጎማ ሁሉ አንድ ወገኑ በትንሹ እንደሚከብድ፣ መኪና ሲፈጥን ያ ልዩነት መሪውን እንደሚያንቀጠቅጥ፣ ይህች የእርሳስ ብረት ቁራጭ በቀለለው ወገን ገብታ እንደምታስተካክለው ቀስ ብሎ አስረዳኝ።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። አላቆምኩም።

«እኔ በልጅነቴ እንዲህ ያለውን ሰባት ነቅዬ ጥያለሁ» አልኩ። በኩራት!

«ከምን መኪና ላይ?»

«ከሙሽራ መኪና።»

«እና መኪናዋ ምን ሆነች፣ እማማ?»



ምን እንደሆነች ካወቅሁ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ለምን እንደሆነች ግን ያወቅሁት ዛሬ ነው፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ።

ጊዜው የጃንሆይ መጨረሻ ዓመታት ነው። ደብረ ማርቆስ አሥረኛ ክፍል እማር ነበር፤ ለታላቅ እህቴ ሰርግ ብቸና ቤታችን መጣሁ። ሙሽራው የሞጣ ሰው ነው። ከሚዜዎቹ ጋር በላንድሮቨር መጣ። መኪናዋ የአንድ የሞጣ ነጋዴ ናት፣ ሾፌሯ ሰይድ ይባላል። በቅርቡ አዲስ አበባ ሄዳ አዲስ ጎማ እንደተገጠመላት ለጠየቀው ሁሉ ይናገር ነበር።

የሚዜን ነገር ታውቃላችሁ። ከሙሽራዋ ቤት እንከን ሲፈልጉ ነው የሚውሉት። ወጡ ቀጠነ፣ ዳሱ ዘመመ እያሉ ያዜማሉ። ላንድሮቨሯ ደግሞ ወንዝ ተሻግራ መጥታ ጭቃ በጭቃ ሆና ግቢያችን ቆማለች። ሙሽራ በዚህች ተጭና ብትወጣ የሚዜዎቹ ዘፈን ለዓመት ይተርፈናል።

ባልዲ አነሣሁ።

ሰይድ አጥሩ ሥር ጥላ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሙስሊም ስለሆነ ምግቡ ከሙስሊም ጎረቤታችን ቤት መጥቶለታል። ከእኛ ቤት የወሰደው ውሃ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ በጣሳ ያቀረብኩለት እኔ ነኝ።

«ጎማውን ተይው ልጄ፣ ከበራችሁ ሳንወጣ መልሶ ይቆሽሻል» አለኝ። ከዚያ ለስግደት ወደ ጎረቤት ሄደ።

ተይ የተባልኩትን የምተው ብሆን ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ጭቃው ሲለቅ ቸርኬው ጠርዝ ላይ ግራጫ ነገር ተጣብቆ አየሁ። ልክ ላም ጆሮ ላይ እንደሚጣበቅ መዥገር! በቢላ ጫፍ እየፈነቀልኩ ከአራቱም ጎማ ሰባት አወጣሁ። አመድ መድፊያው ላይ ወረወርኳቸው።

ሚዜዎቹ እንከን አጡ። እናቴ ግንባሬን ሳመችኝ። እሷ ልጅ መሳም የምታውቅ ሴት አልነበረችም።

ሙሽሮቹ ከሰዓት በኋላ ወጡ። መንገዱ ሜዳ ላይ ሲደርስ ሚዜዎቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞጣ እንግባ ብለው ሰይድን አጣደፉት። ፈጠን ሲል መሪው ይንቀጠቀጣል። ቆሞ ይወርዳል፣ ብሎኖቹን ያጠብቃል፣ ምንም አያገኝም። ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው መሪው ከእጁ አመለጠና መኪናዋ ቦይ ውስጥ ገባች።

የእህቴ ክንድ ተሰበረ። ክንዷን በነጠላ አስራ፣ በሰው በቅሎ አማቶቿ ቤት ገባች።

ሙሽራ እንዲህ ሆና ስትገባ ምን እንደሚባል የአገሬ ሰው ያውቃል። እግሯ አይቀናም ይባላል። ከዚያ በኋላ ላም ብትሞትም፣ ዝናብ ቢጠፋም በእሷ ነው። ስለዚህ ሌላ ጥፋተኛ መገኘት ነበረበት።

ሚዜዎቹ አገኙ። ሾፌሩ ጠጥቶ ነበር፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይተናል አሉ።

የመልሱ ዕለት ሽማግሌዎች ብቸና ዳሳችን ውስጥ ተቀመጡ። ሰይድ በጭነት መኪና ተሳፍሮ መጣ። ማንም አልጠራውም፤ ስሙን ሊያጠራ ነው የመጣው። ዳስ በሞላ ሰው መካከል ቆመ።

«እኔ ከዚህ ቤት ከውሃ በቀር የቀመስኩት የለም። የሰጠችኝ ይህች ልጅ ናት። እሷ ትጠየቅ» አለ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ከውሃ ሌላ ጠጥቷል?» ብለው ጠየቁኝ። እናቴ ጓዳው በር ላይ ቆማ አየችኝ። እህቴ ክንዷን እንዳሰረች መሬት መሬት ታያለች።

«አላስተዋልኩም» አልኩ።

ሰይድ ትንሽ አየኝ። አልተቆጣም። ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ወጣ።

መኪናዋን ተቀማ። ሞጣ ውስጥ የሰርግ ጠጅ ጠጥቶ ሙሽራ የሰበረ ተብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲያ መሪ አልያዘም፣ ገበያ ጨው ሲሸጥ ኖረ። እኔም በኋላ ሞጣ ሥራ ይዤ ስለቀረሁ በየሳምንቱ አየው ነበር።

ጨው የምገዛው ከሌላ ሰው ነበር።

ውሸቴን ረስቼው አላውቅም። ግን አንድ መጽናኛ ነበረችኝ። ባይጠጣም አንድ ነገር አጥፍቶ ይሆናል፣ መኪና ዝም ብሎ ቦይ አይገባም እል ነበር። ዛሬ እሷም ሄደችብኝ።

ከባለሙያው አንዲት እርሳስ ለመንኩ። ሞጣ እንደደረስን ቤቴ ሳልገባ ወደ ሰይድ ልጅ ወደ ዘይነባ ሄድኩ። ቅመም ትነግዳለች፣ ከእኔ ብዙም አታንስም። እርሳሷን መዳፏ ላይ አስቀምጬ ከባልዲው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት።

እርሳሷን በጣቷ አገላበጠቻት።

«አባባ ሊሞቱ ሲሉ እንኳ ‹ጎማው ነው› ይሉ ነበር» አለች። «እኛም አላመንናቸውም፣ እትዬ። እናቴም አላመነቻቸው።»

ይቅርታ ጠየቅኋት። እርሳሷን መልሳ እጄ ላይ አደረገቻት።

«ለእኔ ለብቻዬ ቢነግሩኝ ምን ይሆንልኛል? ያኔ የተባለው በሰው ፊት ነው። እርስዎ ስልክ ላይ ይጽፉ የለ? እዚያ ይጻፉት። ስማቸውንም እንዳይዘሉት።»

እስከ ዛሬ ከእንኳን አደረሳችሁ በቀር ፖስት አድርጌ የማላውቅ ሴት ነኝ። ይኸው ጻፍኩ። ላይክ አያስፈልገኝም። እማማ ጎበዝ የሚል ኮሜንት የምትጽፉም እጃችሁን ሰብስቡ።

አቶ ሰይድ አልጠጡም። ያን ዕለት ከእጄ የተቀበሉት ሁለት ጣሳ ውሃ ብቻ ነው። ጎማው ነው እንዳሉት ጎማው ነበር።

ጎማውን ግን ብታዩት! ፊት ያሳይ ነበር። አሁን እስቲ ንገሩኝ፤ ትንሽ ጭቃ ላዩ ላይ ቢቀር ምን ነበር?