የእሜቴ ሽግግር

ታላላቅ ሽግግሮች ሁሉ የሚጀመሩት በትንሽ ሳህን ነው። ይህን ጥልቅ ቃል የተናገሩት አባ ስብሰባ ናቸው፤ የተናገሩትም ሳሎናቸው መሐል ቆመው ለሚስታቸው፣ ለልጃቸው፣ ለጎረቤታቸው ለፀጉር አስተካካዩና ለአንዲት ድመት ነበር። ንግግሩ ሳያልቅ ከአድማጮቹ አንዷን እንቅልፍ ጣላት። ድመቷን አልነበረም።

ወደ ሳህኑ ከመሄዳችን በፊት ስለ ሰውየው ጥቂት ማለት ይገባል፤ እንዲህ ያለ ሰው በየቤቱ አይገኝምና። አባ ስብሰባ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የመምሪያ ኃላፊ ነበሩ። መምሪያው ምን ይሠራ እንደነበር በትክክል የሚያስታውስ ባይኖርም፣ ከአንደኛ ፎቅ ወደ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛ ወደ ምድር ቤት፣ ከምድር ቤት ደግሞ ተመልሶ ወደ አንደኛ ሲዛወር መኖሩን ሁሉም ያስታውሳል። እያንዳንዱን ዝውውር የመሩት፣ ጠረጴዛ ተሸካሚዎቹን «ቀስ! ቀስ!» እያሉ ደረጃ ለደረጃ የተከተሉት፣ በመጨረሻም «ሽግግሩ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ብለው ያስጨበጨቡት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ጡረታ ሲወጣ አገር ይጎዳል። አገር ግን ጉዳቱን ችሎ ዝም አለ። አልችል ያሉት ባለቤታቸው ናቸው።

ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናቸው መኝታ ቤት ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። አባ ስብሰባ ጡረታ በወጡ ማግስት ወደዚያ ክፍል ገብተው፣ ክሮቹ በቀለም ሳይሆን በአገልግሎት ዘመን ቢደረደሩ ለሥራ ቅልጥፍና ይበጃል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ባለቤታቸው መቀሱን አነሡ። ልጃቸውም አግብታ ወጥታለች። ስለዚህ በዚያ በአራተኛ ፎቅ ቤት ቃላቸውን ሰምታ የምትቀመጥ አንዲት ፍጡር ብቻ ቀረች፤ እሜቴ።

እሜቴ ዓይኗን ከገለጠች ጀምሮ ከቤት ወጥታ የማታውቅ ግራጫ ድመት ናት። አባ ስብሰባ ዜና ሲሰሙ ጭናቸው ላይ ትወጣለች፤ ስለ ዜናው አስተያየት ሲሰጡ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። ይህንን እሳቸው እንደ ሙሉ ድጋፍ ይቆጥሩታል። ሲያነጋግሯትም አንቱ ይሏታል።

«ለድመት አንቱ፣ ለሚስት አንቺ!» ይላሉ ባለቤታቸው።

«ማዕረግ በዲሲፕሊን ነው የሚገኘው» ይላሉ አባ ስብሰባ።

ችግሩ፣ እሜቴ በዲሲፕሊን ስትበላ ኖራ እጅግ ወፈረች። ሶፋው ላይ ተኝታ ሳለ እንግዳ ትራስ መስላው ሊደገፍባት ቃጣው። በዚህ ጊዜ ልጃቸው ሦስቱንም መኪናዋ ውስጥ አስገብታ እንስሳት ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው።

ሐኪሟ እሜቴን ሚዛን ላይ አስቀምጣ ጎኗን ዳበሰች። «የጎድን አጥንቷ የት ገባ? ምን ትበላለች?»

«ደረቅ ምግብ ነው፣ ዶክተር። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያንኑ ነው» አሉ አባ ስብሰባ።

«እስካሁን የግልገል ምግብ?»

«እኛ አቋም አንቀያይርም።»

«አባት፣ ይቺ እኮ ትልቅ ሴት ናት» አለች ሐኪሟ። «እንዳትወልድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፤ ከቤት አትወጣም፤ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ነው የምትውለው። በዚህ ከቀጠለች ወደ ስኳር በሽታ ትሄዳለች። ቤት ውስጥ ለሚውሉ ድመቶች ተብሎ የሚሠራ ደረቅ ምግብ አለ፤ ቅባቱ ቀነስ ያለ ነው። ግን በአንድ ጊዜ እንዳትለውጡባት። ድመት አኩርፋ ምግብ ከተወች ጉበቷ ይጎዳል። ቀስ በቀስ አሸጋግሯት።»

አባ ስብሰባ ከዚህ ሁሉ ምክር ጆሯቸው ውስጥ የገባችው የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ናት። አሸጋግሯት! ጡረታ ከወጡ ወዲህ ይህን ቃል የሚላቸው ጠፍቶ ነበር። ወገባቸው ቀጥ፣ ደረታቸው ነፋ አለ። ባለቤታቸው ግን ሁሉንም ሰምተዋል፤ «ከቤት አትወጣም፣ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ነው፣ ወደ ስኳር ትሄዳለች» ሲባል ድመቷን ትተው ባላቸውን ነበር የሚያዩት።

«አባዬ» አለች ልጃቸው ሲመለሱ፣ «ይሄ ነገር ካልተስተካከለ እሜቴን እኔ ቤት እወስዳታለሁ። እዚህ እያየኋት አትሞትም።»

አባ ስብሰባ ልባቸው ላይ ተወጉ። እሜቴ ከሄደች ዜናውን ለማን ሊተነትኑት ነው? ቤት እንደደረሱ ስብሰባ ጠሩ። ሰብሳቢ እሳቸው፣ አባላት ባለቤታቸውና ልጃቸው፣ ታዛቢ ደግሞ ከታች ፎቅ የሚኖረው ፀጉር አስተካካይ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ የመጣው መሰላል ለመዋስ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ከሐኪም ቤቱ ሲመለሱ የገዙት የድመት ምግብ ከየዓይነቱ በየሳህኑ ተደርድሯል።

«በመጀመሪያ» አሉ አባ ስብሰባ፣ «የቤት ውስጥ ድመት ስንል ምን ማለታችን ነው?»

«ቤት ውስጥ ያለች ድመት ነቻ፣ ጋሼ» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«በረንዳውስ?»

ሁሉም ወደ በረንዳው ዞረ።

«እሜቴ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። በረንዳ ቤት ነው ወይስ ውጭ?»

«ጣሪያ አለው» አለ ታዛቢው።

«ግድግዳስ?»

«እሱማ የለውም።»

«አባዬ፣ በሩን ዝጋውና ምግቡን ምረጥ!» አለች ልጃቸው።

የበረንዳው ጉዳይ በሂደት የሚታይ ሆኖ በሩ እንዲዘጋ ተወሰነ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የታጠበ ልብስ የሚሰጣው ሳሎን ውስጥ ሆነ፤ አባ ስብሰባም ዜና የሚሰሙት ከአንሶላ ጀርባ ነበር። ከዚያ ወደ ምርጫው ተገባ። ሰብሳቢው ማንንም ሳያምኑ ከየሳህኑ አንዳንድ ፍሬ እያነሡ ቆረጠሙ። አንዱን «ጨው ያንሰዋል» ሌላውን «ወኔ የለውም» አሉት። በመጨረሻ ያሸነፈው ከረጢቱ ላይ «ሚዛናዊ» ተብሎ የተጻፈበት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሪፖርት የጻፈ ሰው ለዚህ ቃል ያለውን አክብሮት ሌላ ሰው አይረዳውም።

አሁን የቀረው ሽግግሩ ነው።

«እየቀላቀልን ነው የምንሰጣት» አሉ ባለቤታቸው። «መጀመሪያ አዲሱን ጥቂት፣ አሮጌውን ብዙ። ከዚያ እያገላበጥን...»

«መቀላቀል?» አባ ስብሰባ ሳቅ ብለው ለታዛቢው ጠቀሱት። «አሮጌና አዲስ በአንድ ሳህን? እሱ ሽግግር ሳይሆን ትርምስ ነው። ሽግግር ማለት ከቦታ ወደ ቦታ መሄድ ነው። ይሄን እንኳ ለእኔ አታስተምሪኝም።»

ሳህኑም በየማለዳው አንድ አንድ ስንዝር እየተገፋ፣ ከማድቤቱ በር ጥግ ተነሥቶ ሳሎኑን አቋርጦ፣ መስኮቱ ሥር እንዲደርስ ተወሰነ። አዲሱ ምግብ በሙሉ ይቀርባል፤ የአሮጌው ከረጢት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይገባል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!» አሉ አባ ስብሰባ።

«እንቁላሉስ ይሂድ ጋሼ፣ ሳህኑ ምን አድርጎ ነው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ቃሉ ከታዛቢነት ሥልጣን በላይ ሆኖ ስለተገኘ መሰላሉን ይዞ እንዲወርድ ተደረገ።

በማግሥቱ ሳህኑ የመጀመሪያዋን ስንዝር ተራመደ። እሜቴ ቀርባ አሸተተች፤ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ የሚቀበር ነገር ያየች ይመስል በፊት እግሯ ወለሉን ትጭር ጀመር።

«እየፈረሙ ነው!» አሉ አባ ስብሰባ።

ፈርማ ሄደች እንጂ አልበላችም። በሁለተኛው ስንዝር ላይም አልበላችም። ሳህኑ ድሮ ከነበረበት ጥግ ተቀምጣ ባዶውን ወለል እያየች ትጮሃለች። አባ ስብሰባ በይፋ «የአመለካከት ችግር ነው» አሉ። በሆዳቸው ግን ፈርተዋል። ባለቤታቸው መኝታ ቤት እየሰፉ ነው ብለው ባመኑበት ሰዓት፣ ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ ወለሉ ላይ ተንበረከኩ።

«እሜቴ፣ ይብሉ እንጂ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለእኔ ብለው ይብሉ። ይወስዱዎታል እኮ። ከዚያ እኔ ምን እሆናለሁ?»

የስፌት መኪናዋ ግን ዝም ብላ ነበር። ባለቤታቸው በሩን ተደግፈው ሁሉንም ሰምተዋል። በጫፍ እግራቸው ወደ መኝታ ቤት ተመለሱ።

በማግሥቱ እሜቴ በላች። የዚያን ዕለት ሳህኑ የማድቤቱን ደፍ አልፎ ስለነበር፣ የችግሩ ምንጭ ታወቀ፤ ማድቤቱ ነበር። አባ ስብሰባ ደስታቸው ከልክ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ለሌላ ነገር ጊዜ አልነበራቸውም። ማለዳ ሳህኑን ገፍተው፣ ደረጃውን ወርደው ለፀጉር አስተካካዩ ያበሥራሉ፤ የረሱት ነገር ትዝ ሲላቸው ወጥተው እንደገና ይወርዳሉ። ባለቤታቸውም አንዳንዴ «ዛሬ ለሰውየው አልነገርከውም እንዴ?» ይላሉ። አባ ስብሰባ ሐሳባቸው ሳህኑ ላይ ስለሆነ የቀረበላቸውን ሁሉ ይበላሉ። አንድ ቀን ብቻ ዳቦ እየገመጡ ቆም አሉ።

«ቅቤው ምን ሆነ?»

«ያው ነው።»

«ላሞቹ ሰንፈዋል ማለት ነው» ብለው ወደ ሳህናቸው፣ ማለትም ወደ እሜቴ ሳህን ተመለሱ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እሳቸው ደግሞ ለመሳሳቅ እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም።

በዚህ ሁኔታ ሳህኑ መስኮቱ ሥር ደረሰ። ሐኪሟም እሜቴን መዝና «በርቱ፣ ቀንሳለች» አለች፤ ልጃቸውም አልወስዳትም አለች። አባ ስብሰባ የማጠቃለያ ሥነ ሥርዓት አዘጋጁ። ከመሥሪያ ቤት ሲሰናበቱ የለበሱትን ሙሉ ልብስ ከቁም ሣጥን አወጡ። ሱሪው ድሮ በሆዳቸው ኃይል እንጂ በቀበቶ ቆሞ አያውቅም፤ ዛሬ ግን ሰፋ አላቸው። ብዙ ተሰቅሎ ተለጥጦ ይሆናል ብለው ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ያዙት።

ባለቤታቸው እንደ ልማዳቸው ሻዩን አማስለው አቀረቡ። አባ ስብሰባ አንዴ ፉት ብለው «እንዲህ ነው ሻይ ማለት!» አሉና ብርጭቆውን አስቀመጡ። ከዚያ ያን ስለ ትንሽ ሳህን የተነገረ ቃል ተናገሩ። ልጃቸው አንቀላፋች። እሳቸው ግን ጋሉ።

«አንዳንድ ወገኖች ቀላቅሉ ብለውን ነበር! እኛ ግን በስንዝር ተጓዝን! ዛሬ በዚህ አደባባይ በሙሉ ልብ የምለው፣ ሽግግሩ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል!»

ለጭብጨባው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ሱሪው ወረደ።

ልጃቸው ባነነች። ፀጉር አስተካካዩ ጣሪያውን አየ። አባ ስብሰባ እግራቸው ሥር የተከመረውን ጨርቅ፣ ከዚያም ሚስታቸውን ተመለከቱ።

«እሱን ማጥበብ ረስቼ ነው» አሉ ባለቤታቸው። «ሌሎቹን ሁሉ አጥብቤልሃለሁ።»

«ለምን?»

«ስለቀነስክ ነዋ! አሮጌውን ከረጢት ያን ቀን ከመጣያው አውጥቼ ደብቄው ነበር። ለእሷ ከአዲሱ ጋር ቀላቀልኩላት። ላንተ ደግሞ ቅቤህን፣ ዘይትህን፣ ዳቦህን፤ ዛሬ ጥቂት፣ ነገ ጥቂት። ሐኪሟ ስትናገር ስለ እሜቴ ብቻ መሰለህ? ከቤት አይወጣም፣ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ነው። የራስህ ሐኪም ስኳር እንዳይዝህ ተጠንቀቅ ሲልህ 'በሂደት ይታያል' ብለህ መጣህ።»

አባ ስብሰባ ሱሪያቸውን ጎትተው ተቀመጡ። «ታዲያ አትነግሪኝም ነበር?»

«ብነግርህ ስብሰባ ትጠራለህ።»

ለዚህ ከማንም ተቃውሞ አልቀረበም።

«እሜቴን ልጃችን ብትወስዳት ሄደን እናያታለን» አሉ ባለቤታቸው። «አንተን ግን የሚወስድህ ሌላ ነው። እሱ ዘንድ ሄዶ መጠየቅ የለም። ከዚያ እኔስ ምን እሆናለሁ?»

አባ ስብሰባ ይቺን የመጨረሻዋን ቃል የት እንደሚያውቋት ገባቸው። ቀና ብለው ሚስታቸውን ማየት አቃታቸው። ሰብሳቢ ናቸውና ግን ዝምታውን መምራት ነበረባቸው።

«እና... ሽግግሩ የት ደረሰ?» አሉ።

«አልቋል። የቀረው ስኳር ብቻ ነበር።»

«ሻዬንማ አትነኪብኝም!» ብድግ ሊሉ ሲሉ ሱሪው ትዝ ብሏቸው ተቀመጡ። «እዚህ ላይ አቋሜ የጸና ነው! ሻይ ያለ ስኳር አንድ ቀን አልጠጣም!»

«ቅድም 'እንዲህ ነው ሻይ ማለት' ያልከው ውስጥ አንዲት ፍሬ ስኳር የለም። ከተሰናበተ ቆየ እኮ።»

ሁሉም ብርጭቆውን ተመለከተ። ከእኩሌታ በላይ ቀርቶታል። አባ ስብሰባ በአንድ እጃቸው ሱሪያቸውን፣ በሌላው ብርጭቆውን ይዘው፣ ማንንም ሳያምኑ ፉት አሉ። ፊታቸው ጭምድድ አለ።

«ይመራል!» አሉ።