ጨረቃ መግነጢስ አላት ያሉት ሰው

ጋሽ አየነው በሃያ ዓመታቸው አይሻ ሜዳ ላይ የአሸዋ ማዕበል ከባቡር መንገድ ሠራተኛ ጓደኞቻቸው ነጥሏቸው፣ ሁለት ቀን ያለ ውሃ ተንከራተዋል። ከጥማቱ በላይ የሚያንገበግባቸው ግን፣ ያገኛቸው ቀያሽ ኮምፓሱን አውጥቶ ሐዲዱን ሲያሳያቸው፣ ሞት ሲጠብቁ ከተኙበት ቦታ ሦስት መቶ እርምጃ አለመሙላቱ ነው።

በየከተማው አንድ ነገር ተምሮ ዓለሙን ሁሉ በእሱ የሚፈታ ሰው አይጠፋም። የድሬዳዋው ሊቀ መግነጢስ ጋሽ አየነው ናቸው። ኮምፓስ ገዙ፤ ከባቡር ጥገና ሥራቸው ሲወጡ መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ጥርስ ያመመውም፣ ሙሽራ የኮበለለችበትም ምክንያቱ መግነጢስ ሆነ። አልጋቸውን ወደ ሰሜን ቢያዞሩት በሩን ስለ ዘጋ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘርፈሽ ስድስት ዓመት በአልጋው ላይ ተረማምደው ሲወጡ ኖረዋል። ከዚራ ሰፈር በሚገኘው የወዳጃቸው የዋርፋ ሱቅ መርፌው ወደ ብረት መዝጊያው ቢዞር፣ የተሳሳተው ሱቁ ነው አሉ። «መርፌው አይዋሽም» ይላሉ፤ ክርክርም እዚያ ላይ ያበቃል።

አንድ ቀን ዋርፋ ሊያሾፍባቸው፣ ጨረቃ ላይ የሚሰግድ ሰው ወደ መካ የሚዞርበትን ቂብላ በምን እንደሚያገኝ ጠየቃቸው። በኮምፓስ ነዋ፣ አሉ፤ መሬት መግነጢስ ኖሯት ጨረቃ የምታጣበት ምክንያት የለም። ሳቁ ሲበዛባቸው ኮምፓሳቸውን አስያዙ፤ ከተሳሳቱ የዋርፋ ይሁን።

በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ የሩሲያ ሮኬት ጨረቃ ደረሰ። ከቀናት በኋላ የዋርፋ ራዲዮ፣ ሮኬቱ ጨረቃ ላይ መግነጢስ እንዳላገኘ በዐረብኛ ወሬውን አመጣ። ጋሽ አየነው በትርጉም ስህተት ሊያመካኙ ሞከሩ።

«ተው አቦ ጋሽ አየነው» አለ ዋርፋ፤ «ቃሉ እኮ በእናንተ ቋንቋም በዐረቡም አንድ ነው። ‹መግናጢስ› አለ፤ ‹የለም› አለ።»

ጋሽ አየነው ሦስት ቀን ጠፉ። ሱቁ ጭር አለ፤ የሳቁት ሁሉ በሩን በሩን ያያሉ። ዋርፋ ራሱ ሁለት ጊዜ ሰው ልኮ አስጠይቋል።

በአራተኛው ቀን ኮምፓሱን በንጹሕ መሐረብ ጠቅልለው መጡ፤ ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጡት። ዋርፋ ቀልድ ነበር ብሎ ቢመልስላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ወንበር ስበው፣ ራዲዮው ስለ ማርስ ያለው ነገር እንዳለ ጠየቁ።

«አልተናደዱም?» አላቸው።

«ዕድሜ ልኬን ስከራከር ኖሬያለሁ» አሉ። «እዚያው ድረስ ሄዶ አጣርቶ የመለሰልኝ ሰው ግን አልነበረም። መርታት ምንም አይደል ዋርፋ፤ ትልቁ ነገር ሄዶ ማየቱ ነው።»