ክቡር አቶ ገበየሁ ባና ሲረግጡ

ከአስጎብኚው የበለጠ የሚያውቅ ሰው ሳይሳፈርበት ለጉብኝት የተነሳ መኪና የለም።

የኔአለም ይህን የተረዳችው አስጎብኚ በሆነችበት በመጀመሪያው ቀን ነው። ሚኒባሱ ከመካነ ሰላም ሳይወጣ፣ የፊት ወንበር ላይ የተሰየሙት ጡረተኛው መምህር ክቡር አቶ ገበየሁ ወደ ኋላ ዞረው፣ «ትንሽ ልጨምርበትና…» አሉ። ገና «እንደምን አደራችሁ» ማለቷ ነበር።

እስከ ወይራ አምባ ድረስ ያልጨመሩበት ነገር የለም። አምባ መቅደላ በየት በኩል እንደሆነ ስታመለክት ጣቷን ይዘው አቃኑላት። ሾፌሩ ማርሽ ሲቀይር እንኳ፣ «ሁለተኛው ነበር የሚሻለው» አሉ።

የየኔአለም ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። ወይራ አምባ ከጥንት ጀምሮ ከበግ ጠጉር ባና፣ ያ ወፍራም የደጋ ብርድ ልብስ፣ የሚሸመንባት የተራራ መንደር ናት። የሸማኔዎቹን አለቃ ጋሽ አህመዲንን ፎቶ አንስቶ የሚሄድ እንግዳ አንገሽግሿቸዋል። የፈቀዱት ለዛሬ ብቻ ነው፤ ካልተደሰቱ ጉብኝቱም የእሷም እንጀራ እዚያው ያበቃል።

እንደፈራችውም ጋሽ አህመዲን ከሽመና ጉድጓዳቸው ቀና አላሉም። ብትጠይቃቸው «እህ»፣ ደግማ ብትጠይቃቸው «እንዴታ» ብቻ። እንግዶቹ ስልካቸውን መነካካት ጀመሩ። ደጅ ላይ ሁለት ሰዎች ሙቅ ውሃ ውስጥ የተነከረ አዲስ ባና በእግራቸው ይረግጣሉ።

«ትንሽ ልጨምርበትና» አሉ አቶ ገበየሁ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፤ «ይህ የሚረገጠው እድፉ እንዲለቅ ነው።»

የመወርወሪያው ድምፅ ቆመ። የኔአለም መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ኧረ በአላህ!» ጋሽ አህመዲን ከጉድጓዱ ወጡ። «የምን እድፍ? ጠጉሩ እርስ በርሱ እንዲያያዝ ነው እንጂ! ያልተረገጠ ባና ወላሂ ወንፊት ነው፣ ነፋሱ ሁሉ ያልፍበታል። ጫማዎን ያውልቁና ይምጡ!»

ክቡርነታቸው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ገቡ። ጋሽ አህመዲን እጃቸውን ይዘው አስረገጧቸው፤ እየተቆጡ፣ እያረሙ፣ አባታቸው እንዴት እንዳስተማሯቸው ሳይቀር አወሩ። መንደሩ ተሰብስቦ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ አህመዲን ሲሸኟቸውም የኔአለምን፣ «በሚቀጥለው ሳምንትም እንግዶችሽን አምጪ። እኚህን ሰውዬ እንዳትረሺ፣ ገና ብዙ ይቀራቸዋል» አሏት።

በመልስ ጉዞ አቶ ገበየሁ እግራቸው እንደራሰ ወደ ኋላ ዞሩ። «ትንሽ ልጨምርበትና፣ ባና የሚረገጠው ጠጉሩ እንዲያያዝ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።»

የኔአለም ሳቋን ዋጠች። ሳታስበው ወድዳቸዋለች። የሚቀጥለውን ሳምንት የተሳፋሪዎች ዝርዝር አውጥታ፣ ከፊት ወንበሩ ትይዩ «አቶ ገበየሁ» ብላ ጻፈች።

አንገታቸውን አስግገው አዩና፣ «ትንሽ ልጨምርበትና… ‹መምህር› የሚለውን ዘለልሽው» አሉ።

ጨመረችበት።